ያንን ፎቶግራፍ ብቻ አምኜ ቢሆን ኖሮ

ባለፈው ነሐሴ ነው። ቡታጅራ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም፤ የዘቢዳር ተራራ በጉም ተሸፍኖ ጭራሽ አይታይም። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። የ27 ዓመቷ ልጃችን ስልኳ ላይ አጎንብሳ ለብቻዋ ፈገግ ስትል አየኋትና “ከማን ጋር ነው?” አልኳት።

“ከአንድ ሰው ጋር” አለችኝ። ዝም ስላት ቀጠለች። “አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ሰባት ወር ሆነን። በስልክ ነው የተዋወቅነው፤ በአካል ገና አልተያየንም።”

እናቷን ዞር ብዬ አየኋት። ስኒ መደርደሯን አላቋረጠችም። ቀድማ ታውቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በሰፈራችን ለስንት ልጅ ሽማግሌ ሆኜ የሰው ደጅ እንደጠናሁ ቁጥሩን አላስታውሰውም። የራሴ ልጅ ግን ትዳር የፈለገችው በስልክ ሆነ። ተናደድኩ፤ ከንዴቱ በላይ ደግሞ ፈራሁ። ወገኑን የማናውቀው፣ ጎረቤቱን የማንጠይቀው፣ ፎቶው እንኳ የራሱ ይሁን የሌላ ያላረጋገጥነው ሰው! “ባል እንደ ጫማ በስልክ ይመረጣል እንዴ?” አልኩ።

ልጄ አልተቆጣችም። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ስልኳን እጄ ላይ አኖረችው። “እስቲ አባዬ፣ አንተ ምረጥልኝ” አለች እየሳቀች።

ግማሽ ሰዓት፣ ሰማንያ ሰው

አሠራሩን አሳየችኝ። የአንድ ወጣት ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል። ከሥሩ ስሙ፣ ዕድሜውና በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ተጽፏል። ፎቶውን ነካ ካደረጉት ስለ ራሱ የጻፈው ሁለት ሦስት መስመር ይነበባል። ከወደዱት ጣትን ወደ ቀኝ፣ ካልወደዱት ወደ ግራ ማንሸራተት ነው። ወዲያው ሌላ ሰው ይተካል። ሁለቱም ወገኖች ወደ ቀኝ ካንሸራተቱ ብቻ መጻጻፍ ይችላሉ። ከቡታጅራና ከአካባቢው ያሉት ቶሎ አለቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቁ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው።

መነጽሬን አደረግኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ልጆች በደንብ አየኋቸው፤ የጻፉትንም ሁሉ አነበብኩ። ከአሥር በኋላ ማንበቡን ተውኩት። ከሃያ በኋላ ፊታቸውን እንኳ በቅጡ አላየሁም። አንዱን በኮፍያው ምክንያት አለፍኩት። ሌላውን መኪና ተደግፎ ስለተነሣ “ጉረኛ ነው” ብዬ አለፍኩት። የቀሩትን ለምን እንዳለፍኳቸው አላውቅም፤ ጣቴ ለመደ። ልጄ ስትቆጥር ቆይታ ኖሮ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰማንያ ሰው እንዳለፍኩ ነገረችኝ። ለአንድ ጋብቻ አንድ ቤት ሦስት አራት ጊዜ የምመላለሰው እኔ!

አንዱን ደግሞ ላሳልፍ ጣቴን ሳነሣ እጄን ያዝ አደረገችው። “አባዬ፣ እሱ እኮ ተማሪህ ነው!”

ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። እውነቷን ነው። ፎቶው የሰው ሠርግ ላይ የተነሣው ነው፤ የሌላ ሰው ትከሻ ተቆርጦ ከጎኑ ቀርቷል፣ ፊቱም ደብዘዝ ብሏል። ከሥሩ “ሰላማዊ ሰው ነኝ” ከሚል በቀር ምንም አልጻፈም። ይህን ልጅ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። አባቱ ሲሞት ጠዋት ጠዋት ዳቦ እያከፋፈለ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ጨርሷል፤ ሁለት እህቶቹንም ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል። ሽማግሌ ሆኜ ብቀርብለት ሳልቀመጥ የምመሰክርለት ልጅ ነው። ስልክ ላይ ግን ከባለ ኮፍያውና ከባለ መኪናው ጋር ወደ ግራ ሊሄድ ነበር።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተማሪዬን ያላወቅኩት ዓይኔ ደክሞ ብቻ አልነበረም። ስልኩ ሰውን ያቀረበበት መንገድ እኔን ራሴን ሌላ ዓይነት መራጭ አድርጎኛል። እኛ ወላጆች “ልጄ ማንን ወደደች?” ብለን እንጨነቃለን። ከዚያ በፊት መጠየቅ የነበረብን ግን “ሰዎቹ የቀረቡላት እንዴት ነው?” የሚለውን ነው። ሰው የሚወደውን በልቡ ብቻ አይመርጥም፤ የቀረበለት አቀራረብም አብሮት ይመርጣል።

አቀራረቡ ምን ያደርጋል?

በቀጣዮቹ ሳምንታት እኔና ልጄ ነገሩን አብረን ማንበብ ያዝን። ማች ዶት ኮም የሚባለው የመተዋወቂያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምር ነገሩ እንደ ማስታወቂያ ነበር፤ ሰው ስለ ራሱ ይጽፋል፣ ሌላው አንብቦ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ቲንደር መጣና አንድ ፎቶ፣ አንድ ውሳኔ፣ ከዚያ ቀጣዩ ሆነ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሮዝንፌልድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከተገናኙ የወንድና የሴት ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተዋወቁት በኢንተርኔት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙው ወጣት በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚወጡትን የትዳር ፈላጊ ማስታወቂያዎች ያውቃል፤ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ ሥራ፣ ከዚያም “የምፈልገው” ተብሎ በመስመር የተደረደረ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ቅደም ተከተሉ ነው። ፎቶ ከቀደመ፣ የቀረው ሁሉ የሚነበበው በፎቶው ዓይን ነው። ድምፅ፣ ለዛ፣ አስተናጋጅን የሚያናግርበት ወግ፣ አዛውንት ሲገቡ ብድግ ማለቱ ፎቶ ላይ ቦታ የላቸውም። ቁመትና ዕድሜ ግን በቁጥር ይጻፋሉ፤ በቁጥር የተጻፈ ነገር ደግሞ ለማወዳደር ቀላል ስለሆነ ከሚገባው በላይ ይከብዳል። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩን ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ የመተዋወቂያ ድረ ገጽ ተጠቃሚ የሆኑ 80 ሰዎችን በሜትርና በሚዛን ለክቶ፣ 81 በመቶው በቁመት፣ በክብደት ወይም በዕድሜ ቢያንስ አንዱን አዛብተው መጻፋቸውን አግኝቷል። አብዛኛው ውሸት ግን ትንንሽ ነበር፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ጥቂት ኪሎ።

ሁለተኛው ብዛቱ ነው። ሆላንድ ውስጥ ፕሮንክና ዴኒሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን የትዳር አጋር እንደሚመርጡ አድርገው ፎቶ በፎቶ ላይ አሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት፣ ተመራጮቹ “እሺ” የመባል ዕድላቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ በአማካይ በ27 በመቶ ቀንሷል። ሰው ብዙ ባየ ቁጥር እምቢ ማለት ይቀለዋል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ኮፍያ ያደረገው ልጅ ትዝ አለኝ። እሱን የጣለው ኮፍያው ሳይሆን ተራው ይሆን? ከአምስቱ ውስጥ ቢመጣ ኖሮ የጻፈውን አነብለት ነበር።

ሦስተኛው ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው ስሌት ነው። ማን ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ኩባንያው ነው። ቲንደር በአንድ ወቅት ተጠቃሚዎቹን እንደ ቼዝ ተጫዋቾች በደረጃ ያሰላ ነበር፤ ብዙ ሰው ወደ ቀኝ ያንሸራተተው ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያ ስሌት እንደማይመራ አሳውቋል። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ኦኬኪውፒድ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱ ይፋ ያደረገው ሙከራ ነው። በራሱ ስሌት 30 በመቶ ብቻ የሚጣጣሙትን ሰዎች “90 በመቶ ትጣጣማላችሁ” አላቸው። ሰዎቹም እርስ በርስ ይበልጥ ተጻጻፉ፤ ወጋቸውም ይበልጥ ቀጠለ። “ይስማማሽ ይሆናል” የሚል ድምፅ ብቻውን ፍላጎትን ያነቃል። እኛስ ሽማግሌዎቹ “ጨዋ ልጅ ነው” ስንል የምንሠራው ይኸንኑ አይደለም?

ይህን ሁሉ የምለው ስልክን ለመርገም አይደለም። ከአገሯ ርቃ የምትሠራ ልጅ፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ አካል ጉዳተኛ በመሆኑ ገበያና ሠርግ የማይደርስ ወጣት በዚህ መንገድ ሰው ሊያገኙ ይችላሉ። አቀራረብ የሰው ሥራ ስለሆነ ሊለወጥም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው በምብል፣ ወንድና ሴት ሲፈላለጉ መጀመሪያ የምትጽፈው ሴቷ ትሁን ብሎ ነው የተነሣው። አንድ ደንብ ሲቀየር ማን እንደሚደፍርና ማን እንደሚጠብቅ ይቀየራል።

አዳብናም ደንብ ነበረው

ይህን ሳስብ የራሳችን አዳብና ትዝ አለኝ። በሶዶና በመስቃን ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ከመስቀል በኋላ ባሉት ቀናት ወጣቶች አምረውና ተሸልመው በገበያና በሜዳ ይሰበሰባሉ፤ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይተያያሉ። አዲስ አበባና ሌላ ከተማ ለሥራ የሄደውም ለመስቀል አገሩ ስለሚገባ በዚያው ይገናኛል። ብዙ ትዳር የተጀመረው እዚያ ነው።

አዳብናም መተዋወቂያ ነው፤ ደንቡ ግን ሌላ ነው። ሰው የሚታየው እየተንቀሳቀሰ፣ ከጓደኞቹ መሀል ሆኖ ነው። ዛሬ ያላስተዋልከውን ነገ ደግመህ ታየዋለህ። እናቶችና ጎረቤቶች ቆመው ስለሚያዩ የሚዋሽ ይጋለጣል። ቁጥሩም የተወሰነ ነው፤ አገሩ ያፈራው ወጣት ያው ነው፣ ጣት ሲንቀሳቀስ አዲስ አይፈልቅም። በጥምቀት ሎሚ የሚወረውረውም ጎረምሳ እጁ ላይ ያለው አንድ ሎሚ ነው። አንድ ሎሚ የያዘ ሰው አስቦ ይወረውራል።

የእኔን ነገር ላጫውታችሁ። በ1981 ዓ.ም. አክስቴ ከፎቶ ቤት የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይዛልኝ መጣች። ልጅቷ አንድ እጇን ፕላስቲክ አበባ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ፎቶ አንሺው “እንዳትንቀሳቀሺ” ብሏት ነው መሰል ፊቷን ቋጥራለች። “ኮስታራ ናት፤ አይሆንም” ብዬ ፎቶውን መለስኩ። በዛሬ ቋንቋ ወደ ግራ አንሸራተትኳት ማለት ነው።

በዓመቱ፣ መስቀል ያለፈ ሰሞን፣ ገበያ መሀል አንዲት ልጅ ከበርበሬ ነጋዴ ጋር ስትከራከር ሰማሁና ቆምኩ። የምትለው ሁሉ ጨዋታ ነው። ነጋዴው እየሳቀ ዋጋውን ቀነሰላት፤ ሲሰፍርላትም ጨመር አደረገላት። ለአዳብና ሲወጣም ደግሜ አየኋት። አክስቴን “ያቺ ልጅ የማን ናት?” ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። “ያን ጊዜ ኮስታራ ያልካት ናት” አለችኝ። ይኸው ከ30 ዓመት በላይ አብረን ኖርን። ልጅቷ ያችው ልጅ ናት፤ የተለወጠው ያየሁበት መንገድ ነው።

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። የእኛም አገር ማጣሪያ ጨካኝ ነበር። በእጅ ሙያቸው የሚተዳደሩ ወገኖቻችንን “ከእነሱ ጋር አንጋባም” ብለን ለዘመናት አግልለናል። ስንቷ ልጅ ሳትጠየቅ ተድራለች። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጉራጌ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የትዳር መብት የተከራከረችው ያ ደንብ ስላስመረራት ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለጋብቻ የሁለቱን ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንዲሁም 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ልጄ ራሷ መምረጧ መብቷ ነው። የእኔ ድርሻ መምረጥ ሳይሆን፣ በደንብ አይታ እንድትመርጥ ማገዝ ነው።

እንግዳው በመስቀል መጣ

“ሰባት ወር በጽሑፍ ይበቃል፤ ለመስቀል ይምጣ” አልኳት። “እንደ አማች ሳይሆን እንደ እንግዳ ይምጣ።” እሺ አለች።

በመስቀል ማግስት ከአንድ ጓደኛው ጋር መጣ። ልጄ በሩ ላይ ስትቀበለው ዓይኗ ወደ ትከሻው ሄደ፤ ቁመቱን ከጻፈው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ያነበብነው ጥናት ትዝ ብሏት ኖሮ ሳቋን ዋጠች። ክትፎው፣ አይቤው፣ ጎመኑና ቆጮው ቀረበ። በስልክ ከጧት እስከ ማታ የሚያስቃት ሰው ማዕድ ላይ ቀርቦ ቃል ጠፋው። “እንደምን አሉ ጋሼ” ካለኝ በኋላ የጠየቅኩትን በአጭሩ ከመመለስ በቀር ምንም አልተናገረም። ሲጎርስ እጁ ይንቀጠቀጣል።

የልጄ ፊት ሲጠቁር አየሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በሆዴ “ተገላገልን” አልኩ። አሁን ሳስበው ያፍርኩበት ነገር ነው። ሰውየውን በአንድ ሰዓት ዝምታው ልጥለው ነበር፤ ይህም ያው ወደ ግራ ማንሸራተት ነው።

ባለቤቴ ግን ከእኔ ትሻላለች። ቆጮና ክትፎ በሳህን አዘጋጅታ “ይህን ለእትዬ አድርሱልኝ” ብላ ሁለቱን ላከቻቸው። አክስቴ ዘንድ በእግር አርባ ደቂቃ ያስኬዳል፤ ባጃጅ አለ፣ እሷ ግን “በእግራችሁ ሂዱ” አለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ልጄ ምንም አልነገረችኝም። በማግስቱ አክስቴ ጠራችኝ። ዛሬ እርጅና ተጭኗታል፤ ጆሮዋም በደንብ አይሰማም። “ያ ልጅ የማን ነው?” አለችኝ። “አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ስጠይቀው ሦስት ጊዜ መለሰልኝ። አልሰለቸም። ድምፁንም አልጮኸብኝም፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ እንጂ።”

ይህን የትኛው ፎቶ ያሳያል? በየትኛው መስመር ላይ ይጻፋል?

ውድ ወላጆች፣ አያቶች፣ ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ልጃችሁ በስልክ ሰው ተዋወቅኩ ሲል ስልኩን ከመንጠቅ በፊት “ምን ምን አይተሻል? ምንስ ገና አላየሽም?” ብላችሁ ጠይቁ። መጻጻፉ ወራት ሳይፈጅ ቶሎ በአካል ይተያዩ፤ መጀመሪያ ግን በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ፣ የት እንደሄደች የቤት ሰው እያወቀ ይሁን። ከአንድ ማዕድ በላይ ይተያዩ፤ አብረው መንገድ ይሂዱ፣ ሥራ ይሥሩ፣ አዛውንት ዘንድ ይግቡ። የእሱን ጓደኛ፣ እህትና ወንድም ትወቅ። ሳይታይ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ገላን የሚያሳይ ፎቶ ላኪ የሚል፣ በቪዲዮ እንኳ ልታየው ስትል ሰበብ የሚያበዛ ሰው ካለ ግን ነገሩ እዚያው ይብቃ። ከሁሉ በላይ፣ ሲነግሯችሁ አትቆጡ። እኔ ያን እሑድ ጮኬ ቢሆን ኖሮ ልጄ ወደ አዲስ አበባ የምትሄደው ለብቻዋ፣ ማንም ሳያውቅ ነበር።

ባለፈው ሰሞን “ታዲያ እንዴት ሆነ?” ብዬ ጠየቅኳት።

“በጽሑፍ የማውቀው ሰው ቀልደኛ ነው። የመጣው ደግሞ ዝምተኛ ነው። አንድ ሰው መሆናቸውን ገና እያየሁ ነው” አለችኝ። “አፑን አጥፍቼዋለሁ። ለእሱ ብዬ አይደለም። ሰማንያ ሰው እያየሁ አንድ ሰው ማየት ስላልቻልኩ ነው።”

ይጋቡ አይጋቡ አላውቅም። ለሽምግልና የተላከ ሰውም እስካሁን የለም።

ያ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሰቀለችው ባለቤቴ ናት። እንግዳ መጥቶ “ይህቺ ማን ናት?” ብሎ ሲጠይቅ እኔን በዓይኗ እያመለከተች ትመልሳለች፦ “እሱ አይሆንም ያላት ልጅ ናት።”